ግብርን እምቢ ማለትና ጭሰኛን ማሰብ
ስለ ጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ የሚያስረዱ ሁለት መጻሕፍት ሲመረመሩ

፩

ብዝበዛን የሚቃወም ሰው ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ አለበት ሲባል ዘወትር ይሰማል። አንደኛው መንገድ የሚበዘበዙት ሁሉ አንድ መደብ መሆናቸውን ዐውቀው፣ በአገር፣ በቋንቋና በሃይማኖት ሳይለያዩ የብዝበዛውን ሥር ለመንቀል የሚተባበሩበት ነው። ሁለተኛው መንገድ አንድን የተለየ በደል፣ ለምሳሌ አንድን ግብር ወይም አንድን ሹም ነጥሎ ይዞ፣ ያ በደል እስኪወገድ ድረስ መታገል ነው። የፊተኛውን የሚደግፉ ሰዎች የኋለኛውን ከአፍንጫው አርቆ የማያይ ነው ብለው ይነቅፉታል፤ የኋለኛውን የሚደግፉትም ፊተኛውን ከመጽሐፍ የተቀዳ ሕልም ነው ይሉታል።

ይህ ክርክር በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በሚገባ ሊመዘን ከሚችልባቸው ስፍራዎች አንዱ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ጠቅላይ ግዛት የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ነው። ገበሬዎቹ የተነሡት በአንድ ግብር ምክንያት ነበር፤ በዚያም ግብር ላይ አሸነፉ። ሆኖም እነርሱ ባሸነፉበት ዓመት በአሩሲ፣ በሲዳሞና በከፋ የሚኖረው ጭሰኛ ከሸክሙ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀለለለትም። ይህ እንዴት ሆነ? ጥፋቱስ የማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ከሌለበት በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚሻ ሰው ሁለት መጻሕፍት በተለይ ይጠቅሙታል። አንደኛው አለን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ በደጋ ዳሞት ካደረጉት ጥናት ተነሥተው በአማራ ዘንድ ስላለው የመሬት ይዞታ የጻፉት፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በሃያኛው ምእት ዓመት ስለ ተነሡት የኢትዮጵያ ገበሬዎች ዐመፆች የሚናገረው መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ሥርዓቱን ያስረዳል፤ ሁለተኛው ዐመፁን ይተርካል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ከሁለቱም መካከል ያመለጠ አንድ ነገር እንዳለ ያስተውላል፤ የዚህ ሒስ ዓላማም ያን ያመለጠውን ማመልከት ነው።

፪

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ግብሩ ታሪክ ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ወሰነ። ጋሻ ግን በቃላድ ለተለካ መሬት የሚስማማ መስፈሪያ ነው። በጎጃም፣ በበጌምድርና በትግራይ የሚበዛው መሬት ያልተለካ ርስት ስለ ነበረ፣ በ1937 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ እነዚህን ግዛቶች ከጋሻው ስሌት ውጭ ትቶ በቀድሞው ልማድ እንዲገብሩ ፈቀደ። መንግሥት የጎጃምን መሬት ለመለካት ከአንድ ጊዜ በላይ አስቦ፣ ባሰበም ጊዜ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. ከእርሻ በሚገኝ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ታወጀ። ዐዋጁ የቀድሞውን አሥራት አስቀርቶ፣ ገበሬው ከሚያገኘው ምርት በተገመተው መጠን እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይከፍላል። ነገር ግን ምርቱን ለማወቅ ገማች በማሳው ላይ መቆም ነበረበት፤ ገማቹም የእያንዳንዱን ሰው መሬት በእያንዳንዱ ሰው ስም መመዝገብ ነበረበት። የጎጃም ገበሬ በዚህ መዝገብ ውስጥ ቃላዱን አየ።

ገበሬዎቹ መጀመሪያ የሄዱት በአቤቱታ መንገድ ነው። ሽማግሌዎች ልከው ንጉሠ ነገሥቱን ተማጠኑ። አቤቱታው ሳይሰማ ሲቀር ገማቾቹን ከየአጥቢያው መለሱ፤ ከመካከላቸውም የጦር አለቆች መረጡ። ዐመፁ በተለይ በሞጣና በዳሞት በረታ። መንግሥት ፖሊስና ነጭ ለባሽ፣ በኋላም መደበኛ ጦርና የጦር አውሮፕላን ላከ። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነው። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተዛወሩ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ፤ ውዝፉም ተማረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዐመፀኞቹ በዘውዱ ላይ እንዳልተነሡ ይናገሩ ነበር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው፣ የተከሰሰው ሹሙ ነበር።

፫

የፕሮፌሰር ገብሩ መጽሐፍ ትልቅ ዋጋ ያለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በ1935 ዓ.ም. የተነሣውን የትግራይን የወያነ ዐመፅ፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየውን የባሌን ዐመፅና የጎጃሙን ዐመፅ በአንድነት አቅርቦ ስለ መረመረ፣ እያንዳንዱ በየክፍለ አገሩ ጀግና ተረት ውስጥ ተሸሽጎ እንዳይቀር አድርጓል። ሁለተኛ፣ ዐመፁን ሁሉ በጎሣ ጥላቻ ወይም በሹማምንት ሽኩቻ ብቻ ለመተርጎም የሚቸኩሉትን ጸሐፊዎች መልሶ፣ በመንግሥትና በባለ መሬት በኩል በገበሬው ላይ የወደቀውን ሸክም የነገሩ መሠረት አድርጎ አስቀምጧል። ከእርሳቸው በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በዚህ መጽሐፍ በኩል ሳያልፍ አይችልም።

ሆኖም ስለ ጎጃም ሲናገሩ የያዙት ሚዛን አጠያያቂ ነው። ፕሮፌሰሩ የጎጃምን ዐመፅ በ1793 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ቫንዴ በተባለው ግዛት ከተነሣው ዐመፅ ጋር ያነጻጽሩታል። የቫንዴ ገበሬዎች አዲሱ ሪፑብሊክ ወታደር በግዴታ ለመመልመል ባዘዘ ጊዜ እምቢ ብለው ተነሥተው፣ በኋላ ለንጉሥና ለቤተ ክርስቲያን ተዋግተዋል። ንጽጽሩ በጥያቄ መልክ የቀረበ ቢሆንም አንባቢውን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመራዋል። ዐመፁ መደብን ያልለየ፣ ባላባቱና ገበሬው በአንድ ሰልፍ የቆሙበት፣ ያለፈውን ለማቆየት እንጂ የሚመጣውን ለመሥራት ያልታሰበ ሆኖ ይታየዋል። በዚህ ሚዛን ጎጃም በጎደላት ነገር ትለካለች፤ የመደብ ንቃት ጎድሏታል፣ ሰፊ ዓላማ ጎድሏታል፣ ከሌሎች ግዛቶች ጋር መተባበር ጎድሏታል።

የጎደለውን መቁጠር ግን ያለውን እንደ ማስረዳት አይሆንም። የጎጃም ገበሬ ማንን ይዞ ተነሣ? በምን ጉባኤ ተማከረ? ቃል ኪዳኑንስ በምን አጸና? ዐመፁ ያለ ጋዜጣ፣ ያለ ማኅበርና ያለ ጽሕፈት ቤት የመንግሥትን ጦር ለወራት የተቋቋመው፣ አጥቢያው፣ ገበያውና የዘር ሐረጉ ቀድሞውኑ ሰውን አስተሳስረው ስለ ነበረ ነው። ይህን ትስስር እንደ ጉድለት ብቻ የሚመለከት ሒሳብ የዐመፁን ኀይል ምንጭ ሳያገኘው ያልፋል፤ ምንጩን ካላገኘም ወሰኑ የት ላይ እንደ ሆነ ሊያሳይ አይችልም።

፬

የሆበን መጽሐፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሆበን እንዳስረዱት፣ ርስት ማለት በአንድ በታወቀ ማሳ ላይ ያለ ባለቤትነት ሳይሆን፣ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ተወላጅ በመሆን ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። ትውልዱም በአባት ብቻ አይቆጠርም፤ በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው በብዙ አቅኚ አባቶች ስም በብዙ ስፍራ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን መብት ያለው ሁሉ መሬት አያገኝም። ለማግኘት ትውልዱን ማወቅ፣ ምስክር ማቆም፣ ከዘመድ ጋር መሟገትና በዳኛ ፊት መሰማት ያስፈልገዋል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚለው ምሳሌ ይህን ተስፋና ይህን ሙግት በአንድነት ይገልጻል።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ገበሬው ባላባቱን እንደ ሌላ ፍጥረት አለማየቱ ነው። ባላባቱ የበለጠ መሬት ያለው በዘሩ ልዩ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በሙግቱም ስለ በረታ ነው። የዛሬው ድኃ ነገ ትውልዱን ቆጥሮ ከፍ ሊል ይችላል፤ ቢያንስ ተስፋ ያደርጋል። ይህ ተስፋ ባለበት ስፍራ ተማሪዎች በኋላ የተናገሩለትን የመደብ ንቃት ፈልጎ ማጣት አያስደንቅም። ሁለተኛው፣ መሬቱ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ቢጻፍ የተከራካሪው ሁሉ ተስፋ በአንድ ቀን የሚሞት መሆኑ ነው። መዝገቡ ዛሬ በእጁ ያለውን ያጸናለታል፤ ነገ ሊጠይቅ ያሰበውን ግን ይዘጋበታል። ስለዚህ ዕለት ዕለት በፍርድ አደባባይ የሚናቆሩት ዘመዳሞች በገማቹ ፊት አንድ ሆነው ቆሙ። ጠበኞቹን ያስታረቃቸው የጠባቸው መድረክ እንዳይፈርስ መፍራታቸው ነበር።

እንግዲህ አዲሱ ግብር ለጎጃም ገበሬ ከብዙ ጉዳዮች አንዱ አልነበረም። ሥርዓቱ በሙሉ ከቤቱ ደጃፍ የደረሰበት ስፍራ ነበር። ከውጭ ሲታይ አንድ ጉዳይ የሚመስለው ከውስጥ ሲታይ የኑሮው ጠቅላላ ነው። በዚህ ረገድ ሆበን ያስረዱት ሥርዓት ፕሮፌሰር ገብሩ የተረኩትን ዐመፅ የበለጠ ይፈታዋል።

ይሁን እንጂ የሆበን መጽሐፍም የራሱ ጉድለት አለበት። ርስትን ከባለ ርስቱ ዐይን በደንብ ስላሳየ፣ አንባቢው በጎጃም የሚኖር ሰው ሁሉ ባለ ርስት ነው ብሎ እስኪያስብ ድረስ ይደርሳል። ጨዋታው ብዙ ተጫዋቾች አሉት፤ ከጨዋታው ውጭ የቆመው ሰው ግን በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ይቀራል።

፭

ከጨዋታው ውጭ የነበሩት እነማን ናቸው? ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። በንግድና በሽመና የሚኖረው እስላም ነው። ቀድሞ በባርነት የነበሩ ሰዎች ልጆችም ናቸው። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም፤ የሚያርሱ ቢሆኑም የሚያርሱት የሌላ ሰው መሬት ተከራይተው ወይም በእኩልና በሲሶ ተቀብለው ነበር። የአቅኚው አባት ልጆች ተብለው ስለማይቆጠሩ በርስት ጉባኤ ድምፅ አልነበራቸውም። የእነርሱን ማረሻ የሚስል፣ ልብሳቸውን የሚሸምንና ገንቧቸውን የሚሠራ ሰው በባለ ርስቶቹ ዘንድ በጥርጣሬ ዐይን ይታይ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በማዕድና በጋብቻ አይቀላቀሉትም ነበር።

ሁለቱም መጻሕፍት ይህን የክርክራቸው ማዕከል አላደረጉትም፤ ያመለጠው ነገር ይህ ነው። የጎጃም ዐመፅ አንድ ድምፅ ነበረው ሲባል፣ ድምፁ የባለ ርስቶች ድምፅ እንደ ነበረ መጨመር ያስፈልጋል። ያስተሳሰራቸው ትውልድ ያልተወለደውን ሰው የሚያስገባበት በር አልነበረውም። ብርታታቸውም ወሰናቸውም ከአንድ ምንጭ ነው የወጣው።

ይህን በልብ ይዞ ወደ ተማሪዎቹ መፈክር ቢመለሱ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ደጅ ሰልፍ ወጡ። ቃሉ ሰሜንና ደቡብ ሳይል ገበሬውን ሁሉ በአንድ መደብ የሚጠራ ነበር። ለአሩሲ ጭሰኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የሚያርሰውን መሬት ለእርሱ ይሰጠዋል። ለጎጃሙ ባለ ርስት ግን ቃሉ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። በርስት ሕግ መብት የሚገኘው በመወለድ ነው፤ በመፈክሩ ግን መብት የሚገኘው በማረስ ነው። መወለድና ማረስ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ልዩነቱ አይታይም። አራሹ ሸማኔ በሆነ ጊዜ ግን መፈክሩ የባለ ርስቱን መሬት ለሸማኔው ይሰጥበታል። ስለዚህ የመደብ ጥሪ በጎጃም ተቀባይ ያጣው ገበሬው ስላልገባው ነው ማለት አይቻልም። ምናልባት ከሰባኪዎቹ ይልቅ በደንብ ገብቶት ሊሆን ይችላል።

፮

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተጠየቀው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ጎጃም ባሸነፈችበት ዘመን በሌላው አገር ምን ይደረግ ነበር? የቺላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሩሲ ሥራውን የጀመረው አዲሱ ግብር በታወጀበት በዚያው በ1960 ዓ.ም. ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው አነስተኛውን ገበሬ ለመርዳት ነበር። ነገር ግን ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ መሬቱን አትራፊ ባደረጉት ጊዜ፣ ባለ መሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን ማስወጣት ጀመረ። የጭሰኛውን መብት ለመጠበቅ የተረቀቀው ሕግ የመሬት ባለቤቶች በሚበዙበት ምክር ቤት ውስጥ ሳይጸድቅ፣ ዘውዱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወደቀ።

የጎጃም ገበሬ ስለ ደቡብ ጭሰኛ አያውቅም ነበር ለማለት አያስደፍርም። ያወቀውን ያህል ነው የፈራው። ቃላድ በተጣለበት አገር ባለ መሬቱ ጭሰኛ እንደ ሆነ፣ ከምርቱም እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለሌላ እንደሚሰፍር ሰምቷል፤ በወታደርነትና በሹመት ወደዚያ የወረዱ ዘመዶች ነበሩትና። ገማቹን የመለሰው እንደዚያ እንዳይሆን ብሎ ነው። ጭሰኛው በጎጃም ገበሬ ልብ ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን እንደ ማስጠንቀቂያ እንጂ እንደ ወንድም አልነበረም። የአንድ ጉዳይ ትግል ትልቁ አደጋ ይህ ነው። የሌላው መከራ እኔ ዘንድ እንዳይደርስ የሚለው ሐሳብ፣ የሌላው መከራ ይብቃ ወደሚለው ሐሳብ ሳይሻገር ይቀራል።

ይህን ሲሉ ግን ገበሬውን ብቻ መውቀስ ትክክል አይሆንም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገማቾች በሚባረሩበት ወቅት፣ በመጋቢት ወር፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከፖሊስ ጋር የተጋጩት በግቢያቸው ስለ ተዘጋጀ አንድ የልብስ ትርዒት ነበር። ተማሪዎቹ በትርዒቱ ውስጥ የባዕድ ባህል ወረራ አይተው ነበርና ለእነርሱ ጉዳዩ ትንሽ አልነበረም። ለጎጃም ገበሬም ግብሩ ትንሽ አልነበረም። መላውን ሥርዓት እቃወማለሁ የሚል ሰው እንኳ የሚነሣው በቅርቡ ያየው ነገር ሲነካው ነው። ልዩነቱ፣ ተማሪው ለአንድ ጉዳዩ ሰፊ ትርጉም የሚሰጥበት ቋንቋ ነበረው፤ ገበሬው ደግሞ ለሰፊው ጉዳዩ አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ ግብር የሚል።

፯

የመደብን መልስ በመጨረሻ ያመጣው ዐዋጅ ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው 31ኛው ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን ሻረ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ፤ በ20 ጋሻም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። በደቡብ ጭሰኛው ዐዋጁን በእልልታ ተቀበለ። በርስት አገር ዐዋጁ ሰውን በያዘው መሬት ላይ አጽንቶ፣ በትውልድ ድርሻ መጠየቅን አስቀረ። በጎጃም የነበረው አቀባበል ቀዝቃዛ መሆኑን ከላይ የተባለውን ያነበበ ሰው አይደነቅበትም። ገበሬው በ1960 ዓ.ም. ገማቹን ሲመልስ የፈራው ነገር፣ ማለት የተከራካሪው ተስፋ መዘጋት፣ በሰባት ዓመት ውስጥ በሌላ በር ገባ። ለጎጃሙ ባለ ርስት የሰጠው ዐዲስ ነገር ጥቂት ነበር፤ ርስት ለሌለው ጎረቤቱ ግን፣ ቢያንስ በሕጉ ቃል፣ መሬት የማግኘትን መብት ሰጠ። ይህ ጎረቤት ከሁለቱም ወገን በቀር በማንም ዐመፅ ያልተጠራ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው የበለጠ ያስተምራል። በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ገበሬው ከእህሉ የተመደበበትን ኮታ ከገበያው በሚያንስ በተቆረጠ ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ። ያን ጊዜ የጎጃሙ ባለ ርስትና የአሩሲው ጭሰኛ፣ ሁለቱም የመንግሥት መሬት ባለ ይዞታ ሆነው፣ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዐይነት ሸክም በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተሸከሙ። መደብ የሚባል ነገር ካለ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ አያውቅም። ኮታውን የሚሰበስበው ግን የገበሬው ማኅበር ራሱ ነበር። ለኅብረት ተብሎ የተሠራው ቤት ኅብረቱ ሊነሣበት የሚገባውን ሸክም የሚያከፋፍል ሆነ። ኮታው እስከ መጋቢት 1982 ዓ.ም. ድረስ ቆየ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የጎጃምና የአሩሲ ገበሬዎች ስለ አንድ ሸክማቸው በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የተነጋገሩበት ቀን አልነበረም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሁለቱም ወገን የሚመች አይደለም። በአንድ ጉዳይ ላይ የሚቆም ትግል የራሱን ሸክም ያወርዳል፤ የሌላውን ግን እንዳለ ይተዋል፤ ሸክሙም በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል። ከዐዋጅ የሚወርድ የመደብ ኅብረት ደግሞ የሁሉንም ሸክም አወርዳለሁ ብሎ ተነሥቶ፣ ሰው እርስ በርሱ የሚተሳሰርበትን ገመድ በእጁ ስለሚይዝ፣ ራሱ ሸክም ይሆናል።

፰

የጎጃም ገበሬ ራሱ የሚያውቀው አንድ ሥርዓት ለዚህ ነገር የተሻለ መለኪያ ይሰጣል። ደቦና ወንፈል በሩቅ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ጎረቤት ተሰብስቦ የአንድን ሰው ሥራ ይሠራል። በደቦ ባለ ቤቱ ጠላና እንጀራ አቅርቦ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ሥራው ሲያልቅ ነገሩ በድግሱ ይፈጸማል። በወንፈል ግን እያንዳንዱ የሥራ ቀን ይቆጠራል፤ ዛሬ ማሳው የታረሰለት ሰው ለረዱት ሁሉ በተራ የቀን ዕዳ አለበት። ወንፈልም ቢሆን በአንድ ቀን አንድ ማሳ ብቻ ነው የሚያርሰው፤ ማንም ሁሉንም ማሳ በአንድ ቀን አርሳለሁ አይልም። ነገር ግን የዛሬው ማሳ የነገውን ያስገድዳል።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የ1960 ዓ.ም. ዐመፅ ታላቅ ደቦ ነበር። ሥራው ተሠራ፣ ግብሩ ተመለሰ፣ ሰው ወደየቤቱ ገባ፤ ለማንም የቀን ዕዳ አልቀረበትም። ለሸማኔው ዕዳ አልነበረበትም፤ ለአሩሲ ጭሰኛም ዕዳ አልነበረበትም። የተማሪዎቹ ጥሪ ደግሞ ማሳ ሳይቆጠር ሁሉን ለማረስ የታሰበ ነበር። ስለዚህ አንድን ትግል ለመመዘን ዓላማው ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ያሸነፈ ሰው ከድሉ ቀን በኋላ የማን ባለ ዕዳ ሆነ ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። በወንፈልም ቢሆን የሚገባው በሬና ጉልበት ያለው ሰው እንደ ሆነ አይዘነጋም፤ የሌለው እንዴት እንደሚገባ የማያስብ ኅብረት የርስትን በር በሌላ ስፍራ መልሶ ይተክላል።

ሁለቱ መጻሕፍት ይህን ጥያቄ ባይመልሱትም ለመጠየቅ የሚያስችሉት እነርሱ ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። ለተከታዩ ትውልድ ተመራማሪዎች የቀረው ሥራ ግልጽ ነው። በሞጣና በዳሞት ጉባኤዎች ማን ተቀመጠ፣ ማን ከደጅ ቆመ፣ ጦሩ ሲዘምት ጦርና ማረሻ የሳለው ቀጥቃጭ ከድሉ ምን ደረሰው፣ እስላሙ ነጋዴ ገበያው ሲታጎል በማን ወገን ቆመ፣ ሴቶችስ በትውልድ ድርሻ እያላቸው በጉባኤው ስፍራ ነበራቸው ወይ የሚሉት ነገሮች በቦታው መጠየቅና መጻፍ አለባቸው። በዚያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የባለ ርስቶቹ ልጆች የአባቶቻቸውን ታሪክ ይነግሩናል፤ ትውልድ መቁጠር ልማዳቸው ነውና። በትውልድ ያልተቆጠረው ሰው ታሪክ ግን የሚነግርለት ዘመድ የለውም፤ ሳይጻፍ ከቀረም ከእርሱ ጋር ይቀበራል።